ጎርጎራ ተሳፋሪ ትፈልጋለች

የባሕር በር የሌላት አገር አንዲት ትልቅ ጀልባ በረዥም ተሽከርካሪ ላይ ጭና ከጅቡቲ ወደ ጣና በአስፋልት ስታጓጉዝ ማየት የዘወትር ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ያስመጣት «ጣናነሽ 2» በየብስ ስትጓዝ የተነሳችው ምስል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተው ለዚህ ነው። ያደነቀም፣ የቀለደም፣ በወጪው የተከራከረም ነበር። የሁሉም ጨዋታ ግን ባሕር ዳር ላይ አበቃ። ጀልባዋ ከባሕር ዳር ተነስታ ስለምትሻገርበት ማዶ ያነሳ ሰው ጥቂት ነው።

ማዶው ጎርጎራ ነው።

ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር ጉዳይ ከፓርላማ አዳራሽ እስከ ሚኒባስ ታክሲ የማይነሳበት ቦታ የለም። ምጽዋ፣ አሰብ፣ ዘይላ፣ በርበራ የሚሉ ስሞች በየአፉ ናቸው። ክርክሩ የሚገባ ክርክር ነው፤ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ስለ ወደብ ብታስብ አይገርምም። የሚገርመው፣ ስለሌለን ወደብ ይህን ያህል ስንናገር በእጃችን ስላለው አለመናገራችን ነው። ጎርጎራ ወደብ ናት። ጀልባ ሲመጣባትና ሲሄድባት የኖረች፣ ነገሥታት የከተሙባት፣ ጣሊያን የጀልባ ማረፊያ ያበጀባት፣ አሳ አስጋሪና ታንኳ ቀዛፊ የሚኖርባት ትንሽ የውኃ ዳር መንደር ናት። ዛሬ ደግሞ የሪዞርት መንደር ሆናለች። ይህ ለውጥ በደህና ካልተያዘ ወደቧን ሊያስረሳ ይችላል።

ጎርጎራ ከጎንደር ከተማ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በጣና ሰሜናዊ ዳር በደምቢያ ምድር ትገኛለች። ፊት ለፊቷ የተዘረጋው ሐይቅ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ጥልቀቱ ግን ስፋቱን አይመስልም፤ ጥልቅ በሚባለው ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ቢደርስ ነው። በውስጡ 37 ደሴቶች አሉ፤ ብዙዎቹም ገዳማትን አቅፈዋል። ሐይቁ ሰፊና ጥልቀት የሌለው መሆኑ ለጀልባ ሰው ትርጉም አለው። ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ፈጥኖ ይቆጣል፤ ውኃው ጥቂት ሲቀንስ ደግሞ የጀልባ ሆድ ጭቃ ይነካል።

የመንደሯ ታሪክ ከጎንደር ይቀድማል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ሱስንዮስ መቀመጫቸውን ካደረጉባቸው ስፍራዎች አንዱ ጎርጎራ ነበር። የአባይን ምንጭ አይቶ በመጻፍ በአውሮፓውያን ዘንድ ቀዳሚ የሆነው ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 የሞተው እዚሁ ነው። የሱስንዮስ ልጅ ፋሲለደስ ካቶሊኮቹን ኢየሱሳውያን አባርረው በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ሲቆረቁሩ የመንግሥቱ ማዕከል ከሐይቁ ዳር ወደ ደጋው ወጣ። ጎርጎራ ላይ የቀሩት ደብረ ሲና ማርያምና የማርያም ግምብ ናቸው። ደብረ ሲና ማርያም ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የግድግዳ ሥዕሎቿን ያሣሉት የፋሲለደስ እህት መለኮታዊት እንደሆኑ ይነገራል። ማርያም ግምብ ደግሞ ኢየሱሳውያኑ ከሐይቁ ጠርዝ ላይ ያነጹት፣ ዛሬ አብዛኛው የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ማርያም ግምብ የቆመው በኖራ ነው። በአውሮፓ ዝነኛ የሆኑ አንዳንድ የባሕር ዳር መንደሮች ከጀርባቸው ለኖራ የሚሆን ነጭ የጠመኔ ገደል አላቸው፤ የጣና ዙሪያ ግን ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው። ኢየሱሳውያኑ ባቆዩት መዝገብ መሠረት፣ ከህንድ የመጣ ማኑኤል ማግሮ የተባለ ግንበኛ ለኖራ የሚሆን ድንጋይ እስኪያገኝ ድረስ ሕንፃው በጭቃ የሚቆም ነበር። ኖራው ሲገኝ ግንቡ ከፍ አለ፣ ቅስቱ ሰፋ፣ ውኃ የሚችል ድልድይም ተገነባ። በጢስ አባይ አጠገብ በዚያው ዘመን የተሠራው የአላታ ድልድይ ዛሬም ሰው ይሻገርበታል። ቀጥሎ የመጣው የጎንደር ግንብ ያለዚህ ሙያ የሚታሰብ አልነበረም።

ለነገሩ ኢትዮጵያም የባሕር ነጭ ገደል አላት፤ ባሕሩ ነው የጠፋው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን አባይ በረሃን የወረደ መንገደኛ በግራና በቀኝ የሚያየው ነጣ ያለ የድንጋይ ንጣፍ፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ምድሩን ያለበሰው ባሕር ያስቀመጠው የኖራ ድንጋይ ነው። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ የሚፈጨውም የዚያን ባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚበቅለው ፎቅ ውስጥ የጥንት ባሕር አለ ማለት ማጋነን አይሆንም።

ወደ ጎርጎራ እንመለስ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሐይቁ እንደ መንገድ ታሰበ፤ ባሕር ዳርንና ጎርጎራን በሞተር ጀልባ ማገናኘት ተጀመረ። ከነጻነት በኋላም መስመሩ አልሞተም። ለአሥርተ ዓመታት የጣና ሐይቅ ትራንስፖርት ጀልባ እሑድ ጠዋት ከባሕር ዳር ትነሳና ዘጌን፣ ደቅንና ሌሎች ማረፊያዎችን እየነካች ቁንዝላ ታድር ነበር። በማግሥቱ በደልጊ አድርጋ ከሰዓት በኋላ ጎርጎራ ትገባ ነበር። ተሳፋሪዋ ዶሮ ይዞ፣ እህል ጭኖ፣ ልጅ አዝሎ የሚገባ የሐይቁ ዳር ሰው ነበር። የውጭ አገር ጎብኚም አይጠፋባትም፤ እሱ ግን የሚገባው ለሌላው በተዘረጋ አገልግሎት ላይ ተደርቦ ነው።

የዚህ መስመር ዋጋ በመኪና ሰዓት አይለካም። ከባሕር ዳር ጎንደር የሚሄድ ሰው በአስፋልት 180 ኪሎ ሜትሩን በግማሽ ቀን ይጨርሳል፤ ጀልባ አይመርጥም፤ ይምረጥ ማለትም ሞኝነት ነው። ነገር ግን ደቅ ደሴት ነው፤ ወደ ደሴት አስፋልት አይደርስም። የታቁሳው ደልጊና የሰሜን አቸፈሩ ቁንዝላ ያሉት በምዕራቡ ዳር ነው፤ ዋናው አስፋልት የሚያልፈው በምሥራቁ በኩል ነው። ለእነዚህ ስፍራዎች ሰዎች ጀልባ የሽርሽር ዕቃ ሆና አታውቅም፤ ገበያቸው፣ ሐኪም ቤታቸው፣ የልጃቸው ትምህርት ቤት መሄጃ ናት።

የጣናን የጀልባ መስመር የሚያሰናክለው ድህነት ብቻ እንዳልሆነ በ1995 ዓ.ም. ታይቷል። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀድሞ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ፍሰቱን የሚቆጣጠር ግድብ ተሠርቶ ነበር። በ1995 ድርቅና ለኤሌክትሪክ የተለቀቀው ውኃ ተደማምረው የሐይቁን ወለል ዝቅ አደረጉት። ትልልቆቹ ጀልባዎች ለመንቀሳቀስ የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,785 ሜትር በታች መውረድ የለበትም። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ 1,784.4 ደረሰ። የስልሳ ሳንቲ ሜትር ጉድለት ለአራት ወራት ያህል ጀልባዎቹን አቆመ። ከውኃ የወጣውን ዳርቻ ገበሬ አረሰው፤ የደንገሉ ጫካም ብዙ ስፍራ ደረቀ።

ደንገል ሲደርቅ የሚጎዳው ወፍና አሳ ብቻ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ይታጨዳል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ታስሮ ይጠፈራል። የተሠራው ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው ጥቂት ወራት ነው፤ ያኔ ሌላ ይሠራል። ስለዚህ የታንኳ ሙያ ሁልጊዜ በሥራ ላይ ያለ ሙያ ነው፤ ደንገል ከጠፋ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ እጅ ይፈታል። በዚህ ሙያ ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ወይጦዎች ናቸው። ቀድሞ ጉማሬ እያደኑ የኖሩ፣ በዚህም ምክንያት ጎረቤት ያገለላቸው፣ የራሳቸውን ቋንቋ ጥለው አማርኛ የሚናገሩ የሐይቁ ዳር ሰዎች ናቸው። ባሕር ዳር ሲሰፋ ዳርቻው ጠበበባቸው፤ ደንገሉ ሲመናመን ሙያው ጠበበባቸው። ቱሪዝሙ ግን ታንኳቸውን አልረሳም፤ በፖስት ካርዱም በሆቴል ግድግዳውም ላይ አለች።

የጣና ደንገል አትላንቲክን መሻገሩን የሚያውቅ አንባቢ ስንት ይሆን? ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ማቋረጥ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ሲነሳ ደንገሉን ያስጫነው ከጣና ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» የተሰኘችውን የመጀመሪያ ጀልባ በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ የገነቡለት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ከሞሮኮ ተነስታ ካሪቢያን ሳትደርስ ተፈታች። በዓመቱ የቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች «ራ 2»ን ከኢትዮጵያ ደንገል ሠሩለት፤ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ዛሬ ኦስሎ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። ደንገሉን ጣና ሰጠ፤ የቻዱና የቦሊቪያው ሠሪ በየመጽሐፉ ተወሳ፤ የጣናው ታንኳ ሠሪ ግን በአገሩ ሙዚየም እንኳ የሚገባውን ቦታ አላገኘም።

አሳ ማስገሩም የራሱ ታሪክ አለው። እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ የጣና አሳ አስጋሪ በታንኳ ከዳርቻ ብዙ ሳይርቅ የሚሠራ ነበር። በዚያ ዓመት የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ መጣ። ያመጡትም በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማት ክንፍ በኩል የሠሩ፣ ኡርክ ከተባለች የኔዘርላንድስ አሳ አስጋሪ መንደር የተነሳ የእርዳታ ድርጅት ሰዎች ናቸው። ገበያው ሰፋ፤ አሳ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ደርቆም እስከ ሱዳን ይሄድ ጀመር። ዕድገቱ ግን ዋጋ አስከፈለ። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙትና ለመራባት ወደ ወንዞች የሚወጡት የባርቦ አሳ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ብዛታቸው በ75 በመቶ እንደቀነሰ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። እንቁላል ሊጥሉ ወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰቡ መረብ ይጠብቃቸው ነበር። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም መጣ፤ የደምቢያን ጨምሮ የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻውን ሲሸፍን የጀልባ መውጫና መግቢያውንም ዘጋ።

ኡርክ ራሷ ሌላ ትምህርት ይዛለች። እስከ 1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ደሴት ነበረች። በ1932 ኔዘርላንድስ ባሕሩን በትልቅ ግድብ ስትዘጋው የኡርክ ሰው ከጨው ባሕር ተቆረጠ፤ በ1939 ደግሞ ደሴቷ ከየብስ ጋር ተያያዘች። ብዙዎች የመንደሯ ሙያ ያከትማል ብለው ነበር። የኡርክ ሰዎች ግን ጀልባቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ባሕር ራቁ፤ መንደሯም ዛሬ የአገሪቱ ትልቅ የአሳ ገበያ ናት። ባሕሩ ቢወሰድባቸውም ሙያውን አልጣሉም፤ ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። በጣና ዳር የሚሠለጥኑት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማሪታይም አካዳሚ ተማሪዎች ከወደብ አልባ አገር ተነስተው በዓለም መርከቦች ላይ መሐንዲስ ሆነው እየሠሩ ነው።

አሁን ሪዞርቱ ይምጣ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ይፋ የሆነው «ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ጎርጎራን ከወንጪና ከኮይሻ ጋር መረጠ፤ ገንዘብ ተዋጣ፣ መንገድ ተቆረጠ፣ ሪዞርቱ ተሠርቶ ተመረቀ። ሥራውን ያየ ሰው ጥራቱን ሊክድ አይችልም። ለአካባቢው ወጣት የቀን ሥራ፣ ለገበሬው የአትክልትና የወተት ገበያ ይፈጥራል ተብሎ የታሰበውም ተገቢ ሐሳብ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ግን የጎብኚ ገበያ ምን ያህል ስስ እንደሆነ አሳይቷል። ጥይት በተሰማ ማግሥት ጎብኚ ይቀራል። የደቅ ሰው ግን ጥይት ቢሰማም ባይሰማም ሐይቁን መሻገር አለበት። የመንደር ኑሮ በማን ላይ ቢመሠረት እንደሚሻል ከዚህ ይታያል።

በዚህ ነጥብ ላይ ከአዲስ አበባ የሚጠቀስ ምስክር አለ። ከስድስት ኪሎ ሽቅብ፣ የአሜሪካን ኤምባሲ አልፎ፣ የእንጦጦ ዳገት ሊጀምር ሲል ሽሮ ሜዳ አለ። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች በዚህ የጉለሌ ተዳፋት ሰፍረዋል። መንግሥት ተለዋወጠ፣ ፋሽን ተለዋወጠ፣ ፋብሪካ መጣ፤ ሽመናው አለ። ነጠላው፣ ጋቢው፣ ኩታው፣ የሀበሻ ቀሚሱ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰቅሎ ይውላል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ መዳረሻ እግረኛ ማለፊያ ያጣል።

ሽሮ ሜዳን ያቆየው ጎብኚ አይደለም። ጎብኚ መጥቶ ይገዛል፣ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፤ መልካም ነው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈትም አላፊ አግዳሚው በዝቷል። ሸማኔውን ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ከመቀመጫው ያላስነሳው ግን የመርካቶዋ እናት ለልጇ ሠርግ የምታዝዘው ቀሚስ፣ የደብሩ ምእመን የሚያጣፋው ነጠላ፣ ከዋሽንግተንና ከሮም በዘመድ በኩል የሚላክ ትእዛዝ ነው። ጥለቱ በየዓመቱ የሚቀየረው ገዢዋ የባለፈውን ዓመት ስለማትፈልግ ነው። ሽመናን ጠብቁ የሚል ኮሚቴ ከመቋቋሙ በፊት ሽመናን የሚፈልግ ሰው ነበር።

ሽሮ ሜዳም ቢሆን ገነት አይደለም። ከውጭ የሚገባ የጥለት አምሳያ የታተመበት ርካሽ ጨርቅ የሸማኔውን ዋጋ ሰብሯል። ትርፉ ከእጁ ይልቅ ወደ ደላላውና ወደ ሱቁ ያደላል። ከጋሞ አካባቢ ሕፃናት «ትማራላችሁ» ተብለው መጥተው ከጠዋት እስከ ማታ ድር ላይ የሚውሉበት በደል ለዓመታት የታወቀ ነው። ስለዚህ ሙያው ጸና ማለት ባለሙያው ጸና ማለት አይደለም። ጎርጎራም ላይ ታንኳው በየሆቴሉ በር እየተሰቀለ ወይጦው ደንገል የሚያጭድበት ዳርቻ ካጣ ያው ነገር ይደገማል።

የጠመኔ ገደል ያላቸው ሁለት የአውሮፓ መንደሮች ጎርጎራ የቆመችበትን መንታ መንገድ ያሳያሉ። አንዷ በፈረንሳይ ኖርማንዲ ያለችው ኤትርታ ናት። ባሕር የቦረቦረው ነጭ ገደሏ ቅስትና ሾጣጣ ምሰሶ ሠርቶ ቆሟል፤ ሞኔና ኩርቤ ሥለውታል፤ በእኛ ዘመን ደግሞ የ«ሉፒን» ተከታታይ ፊልም ለመላው ዓለም አሳይቶታል። ነዋሪዋ 1,200 ገደማ ሲሆን በዓመት የሚጎበኛት ሰው አንድ ሚሊዮን ተኩል ይጠጋል። ድሮ የአሳ አስጋሪ መንደር ነበረች። ባሕር ላይ መውጣት ያልቻሉ ያረጁ ጀልባዎችን ሣር ከድነው የመረብና የገመድ ማስቀመጫ ያደርጓቸው ነበር፤ አሁን ጥቂቶቹ ታድሰው ለዓይን ቆመዋል። አሳ አስጋሪው የለም። ጎብኚው ከዳርቻው ጠጠር ይዞ እንዳይሄድ በሕግ እስከመከልከል ተደርሷል፤ ጠጠሩ ማዕበሉን የሚመክትላቸው ስለሆነ።

ሌላዋ በደቡብ እንግሊዝ ዴቨን ያለችው ቢር ናት። ከጀርባዋ ነጭ ገደል አለ፤ ከውስጡም ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ድንጋይ እየተቆረጠ የኤክሰተርን ካቴድራል ጨምሮ ብዙ ሕንፃ ታንጾበታል። ቢር ወደብ የላትም። ጀልባዎቿን ከባሕር ሲመለሱ በገመድ ጎትተው ጠጠሩ ላይ ያወጧቸዋል፤ ቀድሞ በጉልበት፣ አሁን በሞተር። የጀልባው ቁጥር ከድሮው ቀንሷል፤ ጎብኚም በበጋ ይጎርፋል። ሆኖም የተጠመደው አሳ እዚያው ዳርቻው ላይ ይሸጣል፤ ጎብኚው የሚያየው ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። መንደሯ ከጎብኚው ገንዘብ ትቀበላለች፤ ዳርቻውን ግን ከአሳ አስጋሪው አልነጠቀችም።

ጎርጎራ የኤትርታን መንገድ ለመያዝ ብዙ አይቀራትም። አሳ አስጋሪው ጀልባውን የሚያስጠጋበት ዳርቻ ለመዝናኛ ሲከለል፣ የሕዝብ ጀልባ መስመር በሰበብ አስባቡ ሲቋረጥ፣ ለእንግዳ ግን ፈጣን ጀልባ ሲዘጋጅ፣ ነገሩ ማንም ሳይወስነው ይወሰናል። የቢርን መንገድ ለመያዝ ግን አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ውሳኔውም ከሕንፃ ወጪ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው።

መጀመሪያ የሚያስፈልገው የጉዞ ሰሌዳ ነው። «ጣናነሽ 2»ም ሆነች ሌሎቹ ጀልባዎች ለሽርሽር ከሚወጡበት ቀን ውጭ፣ በታወቀ ቀንና ሰዓት ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላን፣ ደልጊንና ጎርጎራን ማገናኘት አለባቸው። ቀኑ ከየከተማው የገበያ ቀን ጋር ይገጣጠም። ዋጋው ለአካባቢው ነዋሪ የተለየ፣ ለጎብኚ የተለየ ይሁን፤ ይህ በየትኛውም አገር የሐይቅና የደሴት መስመር የተለመደ አሠራር ነው። ኪሳራ ቢኖር በመንግሥት ድጎማ ይሸፈን። መንገድ ሲሠራ አስፋልቱ በስንት ዓመት ይተርፋል ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የውኃ መንገድ ላይ ሲደርስ ብቻ ትርፍና ኪሳራ ማስላት አድልዎ ነው።

ሁለተኛው ውኃው ነው። በ1995 የታየው እንዳይደገም የጨረጨራ በር ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የጣና በለስ ማመንጫም ውኃ ሲወስድ፣ ለጀልባ የሚያስፈልገው የሐይቁ ወለል እንደ አንድ ባለመብት ፍላጎት ሊቆጠር ይገባል። መብራት ይቅር አይባልም። ግን 1,785 የሚለው ቁጥር ጎርጎራ ወደብ ላይ ለማንም በሚታይ ምልክት ቢሰፍር፣ ወለሉ በየሳምንቱ ቢነገር፣ ጀልባው ከመቆሙ በፊት የሚመለከተው ሁሉ መነጋገር ይችላል።

ሦስተኛው የደንገሉ ነገር ነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ምዝገባው ትርጉም እንዲኖረው ለወይጦና ለሌሎች ታንኳ ሠሪዎች ተለክቶ የሚሰጥ፣ እርሻም ሆቴልም የማይገባበት የደንገል ዳርቻ መኖር አለበት። ጎርጎራ ላይ የታንኳ መሥሪያ ቢኖር፣ ጎብኚው ሲሠራ አይቶ ይከፍላል፣ ወጣቱ ይማራል፣ ከባሕር ዳር የሚመጣው የማሪታይም ተማሪም የአገሩን የውኃ ሙያ ከምንጩ ያያል። ክፍያው ለሠሪው በእጁ ይግባ፤ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ የደረሰበት እንዳይደርስበት።

አራተኛው ማርያም ግምብ ነው። የማድሪድ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስቶች ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮ የኢየሱሳውያኑን ሕንፃዎች በቁፋሮና በልኬት አጥንተዋል፤ ምን እንደነበረ የሚናገር መረጃ አለ። የቀረው ግንብ እንዳይወድቅ የሚደግፈው ሥራ በሲሚንቶ ሳይሆን በኖራ መሆን አለበት። ሲሚንቶ ድርቅ ብሎ የቆየውን ድንጋይ ይሰነጥቃል፤ ኖራ ግን እርጥበትን ያስተነፍሳል። ኖራ የሚያቃጥልና የሚያቦካ ግንበኛ ማሠልጠን ለጎርጎራ ሥራ ይፈጥራል፤ ባለሙያው ከዚያ አልፎ የጎንደር ግንቦችንም ሊጠግን ይችላል።

«አሁን የጸጥታው ጉዳይ ሳይያዝ ስለ ጀልባ ሰሌዳ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። ተቃውሞው ክብደት አለው። በየመንገዱ ሥጋት ባለበት ጊዜ ማንም በቃል ብቻ ጀልባ ላይ አይወጣም። ነገር ግን ሪዞርቱ የተገነባው፣ «ጣናነሽ 2»ም መንገድ የጀመረችው በዚሁ ጊዜ ነው። ለትልቁ ወጪ ጊዜው ከደረሰ ለትንሹም ደርሷል። ደግሞም ደሴቱና ምዕራባዊው ዳር ከገበያና ከሕክምና ሲቆራረጡ ቅሬታ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

«ክልሉም ፌዴራሉም የየራሳቸው ሥራ አላቸው፤ ማን ይያዘው?» የሚል ጥያቄም አለ። መልሱ ከተጀመረው ይነሳል። ጀልባዋን ያስመጣው የባሕር ትራንስፖርት ድርጅት መርከብ በጊዜው ማስነሳትና ማድረስ የዕለት ሥራው ነው። የአማራ ክልል የትራንስፖርትና የባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች የማረፊያዎቹን ስፍራና የታንኳ ሠሪዎቹን መብት ሊይዙ ይችላሉ። የደምቢያ፣ የታቁሳና የሰሜን አቸፈር አስተዳደሮች የገበያ ቀኑን ያውቁታል። በሚቀጥለው የበጀት ዓመት እነዚህ አካላት ጎርጎራ ላይ አንድ ስብሰባ ቢቀመጡ፣ አጀንዳው የመጀመሪያዋ የሕዝብ ጀልባ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በስንት ብር ከደልጊ እንደምትነሳ ይሁን፤ ቃለ ጉባኤውም ከደቅ ተወካይ ፊርማ ውጭ አይጽደቅ።